አራት የመርፌ ቀዳዳዎች

መጽሐፍ ጠራዡን ታላቅ ወንድሙ የሰደበው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ቦታው ወንድሙ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባው የመምህራን ክፍል። ትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ጠራዡ አመልክቷል፤ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ቀድዶ፣ አራተኛውን በጥሩ ወረቀት ገልብጦ በገዛ እጁ አስገብቷል። ርእሰ መምህሩ፣ «ወንድምህ ነው አሉ፤ ለዚህ ሥራ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወንድምየው የያዘውን የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «እሱ መጽሐፍ የሚያውቀው ከጀርባው ነው» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ስድስት መምህራን ሳቁ። የሒሳብ መምህርቷማ ሻዩ ትን እስኪላት ነው የሳቀችው። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ጠራዡ ወንድሙን ያገኘው በሁለት ቀብርና በአንድ ሠርግ ላይ ብቻ ነው። በሦስቱም ቦታ በመካከላቸው ሁለት ወንበር ነበረ፤ ወንበሮቹም ላይ ነገሩን ያላወቁ፣ ወይም አውቀው ያላወቁ የመሰሉ ዘመዶች ተቀምጠው ነበር። «ደህና ነህ?» «ደህና።» «ሥራስ?» «ይመስገን።» ከዚህ አያልፍም። አንድ ጊዜ ወንድምየው ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ጠራዡ ጫማውን ሊያስር አጎነበሰ፤ ጫማው ግን ክር አልነበረውም።

ሱቁ በቁልፍ ቀራጭና በወረቀት መደብር መካከል የተሰነቀረች ናት። ወርዷ ሁለት እርምጃ ተኩል፣ ርዝመቷ ሰው ተጋድሞ እግሩን ካጠፈ የምትበቃ። መቁረጫው በሩን ይዟል፣ ባለ ብሎኑ መጭመቂያ ግድግዳውን፣ የሙጫው ጣሳ ደግሞ የቀረውን አየር። ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ዋጋ ተሰቅሏል፤ ጠንካራ ሽፋን ከነወርቅ ጽሑፉ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለስላሳ ሽፋን መቶ ሃያ፣ ከሥሩም በቀይ «ለነገ የሚባል የለም» ይላል። ሁሉም ለነገ ይላሉ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስድስት ሺሕ የመመረቂያ ጽሑፍ ጠርዞ ስድስት ሺሕ ሰው አስመርቋል፤ ከስድስት ሺው ውስጥ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ያለው ስንቱ እንደሆነ ግን በጣቱ ቆጥሮ ጣት ይተርፈዋል። አንዱ ዶክተር እንዲያውም መስቀለኛው መንገድ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጥመው ፊቱን ወደ ጫማ መስኮት አዞረበት። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን፣ መቶ አርባ ሁለት ገጽ።

ከዚህ ሁሉ ሰው የተለየች አንዲት ልጅ አለች፤ የወንድሙ ልጅ። አሁን በቁመት እሱን ብትበልጥም «ሚጢጢ» እንዳላት ቀርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ደብተር ልታስጠርዝ መጣሁ ብላ መጣች፤ ደብተሩ ሃያ ቅጠል እንኳ የማይሞላ፣ በስቴፕለር የሚያልቅ ነገር ነበር። ሰበብ እንደሆነ ለጠራዡ ገባው፣ ግን አላጋለጣትም። ሃያዋን ቅጠል በክር ሰፍቶ፣ ጠንካራ ሽፋን አልብሶ፣ በደብተሩ ጀርባ ላይ ስሟን በወርቅ አትሞ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። የካርቶን ክምሩ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፣ እሱ ይሰፋል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ሁለት ሰዓት የሚያልፍበት ቀን አለ። ስለ አባቷ አታነሳም። እሱም አይጠይቅም፤ ብቻ አንዳንዴ፣ «ቤት ሁሉ ሰላም?» ይላል፣ «ሁሉ» የሚለውን ቃል ትንሽ ጎተት አድርጎ።

የምርምርን ነገር የነገረችው እዚያ ካርቶን ላይ ሆና ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፏን ከስልኳ ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ ብታስረክብ፣ አማካሪዋ ኅዳጉ ላይ በቀይ «ማን አለ?» እያለ አሥራ አንድ ቦታ ጽፎ መለሰላት። አልቅሳ ነበር የመጣችው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተማረች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከካርድ መሳቢያ ጋር መታገል፣ የአንድን መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ከመጀመሪያው አስቀድሞ ማንበብ፣ በየወሬው ላይ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ፤ ማን አለ፣ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ፣ እንደዚያ መባሉ ለማን ይጠቅማል። ጠራዡ ጥያቄዎቹን ወደዳቸው። ቁልፍ ቀራጩ፣ «ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ነው» ሲለው፣ «በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ይለዋል። «ጉልበቴ ነግሮኝ» ይላል ቁልፍ ቀራጩ። «ጉልበትህ ምን ይጠቀማል?» ሚጢጢ ካርቶኑ ላይ ሆና በሳቅ ትፈርሳለች።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጥናቷን በዩኒቨርሲቲዋ መምህራን ፊት ታቀርባለች፤ ሦስት ቅጂ ተጠርዞ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቀሩትን አባሪ ገጾች ይዛ ስትመጣ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ጫማው የሌላ ሰው ነው፤ ስትራመድ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ትመጣለህ አይደል?»

«አባትሽ አለ?»

«አለ።»

ጠራዡ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ወደ ብርሃኑ ዞረ። «ደስጣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወደዚያ ወረቀት ይወስዳል። መጽሐፎቹን በመኪናው ያደርስልሻል፤ ተነጋግረናል።»

ደስጣ የወረቀት መደብሩ ባለቤት ነው። ወረቀት በደስጣ ካልሆነ በነጠላ አልሸጥም ስለሚል የወጣለት ስም ነው።  ሚጢጢ የተዋሰችውን ጫማ አውልቃ ካርቶኑ ላይ ወጣች፤ ዝምታዋ ከአባቷ ዝምታ ጋር አንድ ነበር፣ አገጭን ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርግ። ያ አገጭ የእናታቸው ነው፤ ጠራዡም በመስታወት ያውቀዋል።

ጥናቷ ስለ ጎርፉ ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠርጎ ወስዶታል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ፈረሰ፤ ምትክ ቤት የተሰጠው ግን ለመቶ አርባ አባወራ ብቻ ነው። ሰባ ሁለት ቤተሰብ የት ደረሰ? ምትክ ቤቱን ያደለው ኮሚቴ በላው፣ ትላለች ሚጢጢ በጽሑፏ፤ «በላው» ባትልም፣ ረጋ ባለ በተማረ ቋንቋ ያው ነው። የኮሚቴው አባላት ስም ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። ማስረጃዋም አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የታተመ ሪፖርት፣ የረድኤት ማኅበሩ የሃያ አምስተኛ ዓመት መጽሐፍ፣ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ተመራቂ የጻፈው ጥናት። ሦስቱም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላሉ። በሦስቱም ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ፎቶ ኮፒ አድርጋ አባሪ አድርጋዋለች። ይህን ነው እንግዲህ ጠራዡ አሁን የሚሰፋው።

ወረቀት ከመስፋቱ በፊት ጠርዙን አስተካክሎ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያየዋል፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሲያይ በግራ ጠርዙ በኩል አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ታዩት። የዋናው ወረቀት የመርፌ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጥላቸው ወጥቷል። ሦስተኛው ወደ አራተኛው ተጠግቷል፣ ደግሞም እንደ አፍ ተቀድዷል። ጠራዡ ፈገግ አለ። እንዲህ አድርጎ የሚበሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሙያውን ያስተማረው አሮጌው ጠራዥ፣ ነፍሱን ይማር። ግራ ዓይኑ ደካማ ስለነበር ሦስተኛዋን ቀዳዳ ሁልጊዜ ያንሸራትታት ነበር። የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ደግ ሰው። ጠራዡ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ አነሳ፤ ይህኛው ተለቅ ብሎ ደምቆ የታተመ፣ የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ነው። አራት ነጠብጣብ። ሦስተኛው እንደ አፍ ተቀድዷል። ፈገግታው ቀረ። ሦስተኛው ሠንጠረዥ አንሶ፣ ደብዝዞ፣ ትንሽ ተንጋዶ ነበር። አራት ነጠብጣብ።

ቁጭ አለ። መርፌው በጣቱ እንደተያዘ ነው። ቀዳዳ በየቅጠሉ ሊንሸራተት ይችላል፣ ሦስቱም ላይ ያለው ያው አንድ ቅድ ግን አይደገምም። ሦስት ምስክር ሳይሆን አንድ ቅጠል ነው፤ አንዲት ወረቀት ሦስት ቤት ገብታ ሦስት ልብስ ለብሳ ወጥታለች። ልንገራት ወይስ ልተወው? ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ጊዜው አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ዝም ብሎ ቢሰፋው ማን ያያል? መምህራኑ ጠርዝ አያዩም፣ ሠላሳ ዓመት ሲጠርዝላቸው አንድ ቀን ጠርዝ አይተው አያውቁም። ቢናገርስ ማን ነው ብሎ ይናገራል? መጽሐፍን ከጀርባው የሚያውቅ ሰው። ያ ቃል ከአሥራ አራት ዓመት በኋላም ሙቀቱ አልበረደም። ግን ከዚያ የኮሚቴው አባላት ስም ታየው፣ ከነማዕረጋቸው የተጻፈው። ከመካከላቸው ሁለቱ ዛሬም በሕይወት አሉ ብላዋለች።

«ሚጢጢ፣ ነይ እዚህ።»

አሳያት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ቀላ። «ቅጹ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ጋሼ። የመንግሥት ቅጽ ሁሌም አንድ ነው። እኔም አስተውያለሁ።»

«ቅጹስ አንድ ይሁን። ቀዳዳውም?»

«ቀዳዳ እኮ ነው!» አለች። «ዛሬ እኮ ነው የማቀርበው። በቀዳዳ ምክንያት...» አልጨረሰችውም። ባትጨርሰውም ጠራዡ የቀረውን በራሱ ጨረሰው፣ በአባቷ ድምፅ። ዞር ብሎ ሙጫውን ማማሰል ጀመረ፤ መማሰል የማያስፈልገውን ሙጫ። ከኋላው የወረቀት ድምፅ ሰማ። ሦስቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ በስልኳ እያጎላች፣ እንደገና ተመልሳ እያየች ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ፣ የወረቀት ቅንጥብጣቢው ላይ፣ በጥሩ ቀሚሷ ቁጭ አለች። «ሦስት ነው ብዬ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እስከ ቁጥሩ ድረስ ሲስማሙ ደስ አለኝ።» አንጀቱን በላችው።

«ተነሺ» አለ። «ቅጠሏ ያለችበትን መዝገብ አውቀዋለሁ። ጀርባው የእኛ ሥራ ነው።»

መዝገብ ቤቱ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። ሚጢጢ ባለፉት ስምንት ወራት አራት ጊዜ በፊት በር መጥታ፣ አራቴም ደብዳቤ አምጪ ተብላ፣ ደብዳቤ ስታመጣም ማኅተሙ ሌላ ነው ተብላ ተመልሳለች። ጠራዡ በኋላ በር ነው የሚገባው፤ በየዓመቱ የተገነጠሉ መዝገቦችን ለጥገና የሚወስደው እሱ ስለሆነ ዘበኛው አይጠይቀውም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በመነጽሯ አናት አየቻቸው። ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ እዚያ ክፍል በጋም ክረምትም ይበርዳል።

«ጥገናው የሚቀጥለው ወር አልነበር?»

«ነው። ዛሬ አንዱን ጀርባውን ብቻ ላየው ነው።»

«ይህቺስ?»

«የወንድሜ ልጅ ናት» አለ ጠራዡ። አፉ «ወንድሜ» የሚለውን ቃል ከተጠቀመ ስለቆየ ቃሉ እንግዳ ሆኖ ወጣ። ሴትዮዋ ሚጢጢን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፣ ደብዳቤ ይዛ ስትመላለስ የነበረችው መሆኗንም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ግን ቁልፉን ገፋ አድርጋ፣ «እስከ ስድስት ሰዓት። ምሳ አላሳልፍም» አለች።

መደርደሪያው ጨለማ ነው። ሚጢጢ የስልኳን መብራት አብርታ የዓመተ ምሕረት ጽሑፍ ስትፈልግ ጠራዡ ጀርባ ጀርባውን በጣቱ እየዳሰሰ አለፈ። አሮጌው ሰውዬ ጀርባውን ሲያጎብጥ ከላይ ጠበብ ያደርገው ነበር። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አገኘው፤ አወረደው፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገው። ቅጠሏ እዚያው ነበረች። አራት ቀዳዳ፣ ሦስተኛው የተቀደደ፣ አሁን ግን ጥላ ሳይሆን ራሱ ቀዳዳው፣ ውስጡ ቢጫ ክር ያለበት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሚጢጢ የሠንጠረዡን ገጽ ፎቶ አነሳችና ለመዝጋት እጇን ሰደደች፤ ጠራዡ ግን ቅጠሏን ወደ ኋላ ገለጣት። ይህም የሙያ ልማድ ነው፤ አንድ ቅጠል ብቻውን አይሰፋም፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማየት አለብህ። ከፊቷ ባለው ገጽ ላይ፣ ሦስቱም ገልባጮች ያላነሱት ርእስ በእጅ ተጽፎ ነበር። ጠራዡ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበው። «ጎርፉ በደረሰ ማግሥት፣ ውኃው ገና ስላልጎደለ፣ ከድልድዩ ላይ ቆሞ በመመልከት የተገመተ።»

«ከድልድዩ ላይ» አለች ሚጢጢ።

«ከድልድዩ ላይ ሆኖ ጣራ ከጣራ አይለይም» አለ ጠራዡ። «የዶሮውን ቤትም ቆጥሮት ይሆናል።»

አሥር ቅጠል ወደፊት ሲሄዱ ሌላ ዝርዝር አገኙ፤ ሌላ የእጅ ጽሑፍ፣ በጭቃ የተነካካ ወረቀት፣ የአባወራው ስም ከነቤት ቁጥሩ። አንዱ ስም ሥር «አልጋው ዛፍ ላይ ተገኝቷል» የሚል ተጽፏል። ይህኛው ሰው ወርዶ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ በር በር እያለ ነው የቆጠረው። ሚጢጢ በጣቷ ቆጠረች፣ ጠራዡ ቅጠል በሚቆጥርበት ዘዴ አምስት አምስት እያደረገ ቆጠረ፤ ሁለቱም መቶ አርባ ሰባት ላይ ቆሙ። ምትክ ያገኘው መቶ አርባ ነው። የቀሩት ሰባት ናቸው። ሚጢጢ ሰባቱን ስሞች በደብተሯ ጻፈቻቸው፤ ያችው በወርቅ ስሟ ያለባት ደብተር።  «ሰባ ሁለት ብዬ ሰዎቹን ሌባ ላደርጋቸው ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሰባቱስ ቢሆኑ የት ሄዱ?» አለች። ጠራዡ ያኔ ነው የተረጋጋው። ይህቺ ልጅ አትወድቅም፣ አለ በሆዱ።

በመመለሻው ታክሲ ከኋላ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ። ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀ፣ ጠራዡ የሁለቱንም ከፈለ፣ ሚጢጢ ለመክፈል ታገለች፣ እሱ እጇን መታ አደረገው።  ሁለት ፌርማታ አልፈው እሷ ወደ መስኮቱ እያየች ተናገረች።

«ጋሼ፣ ቅር አይበልህና፤ አባዬ ያንን ነገር ሲል አንተ እዚያ ነበርክ?»

ታሪኩን ማን ነገራት? ዘመድ ምን ሥራ አለው። «አልነበርኩም» አለ ጠራዡ። «ግን ሦስት ሰው ነው የነገረኝ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱ ሰማው።  ሚጢጢ ፊቷን አላዞረችም፤ ብቻ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ዓይኗ ወለሉን ሲያይ ታየው። ጠራዡ ሆዱ ባሰው። ለዚህ ነው መማር የሚባለው ነገር፣ ሰው ቁስሉን እንኳ ማስረጃ ሊጠየቅ ነው? ተቆጥቶ ሊመልስላት አሰበና መልሱን ፍለጋ ሄደ። አክስታቸው ነግራዋለች። አክስታቸው ከማን ሰማች? ከእህታቸው ባል፤ ራሱ ነው ስልክ ደውሎ የነገራት። የእህታቸው ባልስ? እሱ ለልጆቹ ደብተር ሊገዛ መጥቶ ደስጣ ሱቅ ቆሞ ነው የሰማው። ሦስተኛው ደስጣ ራሱ ነው። አረንጓዴውን በር ጠራዡ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ትን ያላትን መምህርትም። የሻዩ ብርጭቆ፣ ስድስቱ ሰዎች፣ ስምንት ሰዓት ተኩሉ፣ ሁሉም የደስጣ ነው። ታክሲው ሲቆም ወራጅ ያለችው ሚጢጢ ናት፤ እሱ ረስቶት ነበር።

ቀጥሎ የነበረው ሥራ ነው፣ ሥራም ደግ ነገር ነው። ሚጢጢ አጠገባቸው ባለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አማካሪዋን ደውላ አነጋገረች፤ «እሺ፣ እሺ መምህር» አለች፣ ከዚያ ተቀምጣ አንድ ገጽ እርማት ጻፈች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሚለው ከየት እንደመጣ፣ ማን የት ቆሞ እንደገመተው፣ ሦስት የመሰሏት ምንጮች አንድ መሆናቸውን፣ የሰባቱን ስም፣ ኮሚቴውን በተመለከተም የጻፈችውን ማንሳቷን። እሷ ስትጽፍ ጠራዡ ሦስቱን መጽሐፍ ሰፍቶ ሽፋን አልብሷቸዋል፤ በተጠረዘ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ ቅጠል መትከልም ያውቃል፤ ጠርዙን የጥፍር ስፋት ያህል ሙጫ ቀብቶ፣ ቦታዋ ላይ አስገብቶ፣ አጥብቆ መጫን ነው። ሦስቱንም ተከለ። ከመትከሉ በፊት ግን ገጿን አነበበ፤ እየተንተባተበ፣ እስከ ግርጌው። ግርጌው ላይ በትንሽ ፊደል ምንጩ ተጠቅሷል፤ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ፣ የቅጠሉ ቁጥር፣ ከዚያም፣ «የመርፌ ቀዳዳዎቹን አንድነት ያመለከቱት የጥራዝ ባለሙያ፣ ቃለ ምልልስ፣ ዛሬ ጠዋት»፤ ስሙም ሙሉ ነበር፣ ከነአባቱ። የአባቱ ስም የወንድሙም የአባት ስም ነው። ጠራዡ ስድስት ሺሕ መጽሐፍ ውስጥ ሙጫው እንጂ ስሙ ገብቶ አያውቅም።

«ይሄ ያስፈልጋል?» አለ።

«ማን አለ ቢሉኝስ?» አለች። የተዋሰችውን ጫማ አጠለቀች፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ቀሚሷ ላይ የቀረችውን የወረቀት ቅንጣት እሱ አነሳላት። ቀድማ ሄደች፤ ሙጫው በመጭመቂያው ውስጥ አንድ ሰዓት መቆየት ነበረበት። 

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጠራዡ ሦስቱን መጽሐፍ አውጥቶ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ወደ ጎረቤት ሄደ። ደስጣ ነጭ መኪናውን ጭኖ ጨርሶ የኋላውን በር እየዘጋ ነበር።

«አምጣ፣ ልነሳ ነው። ወንበሩ ላይ አደርገዋለሁ፣ አይታጠፍም።»

ጠራዡ መጽሐፎቹን አልሰጠም። «ያን ማክሰኞ የት ቆመህ ነበር?»

«የቱን ማክሰኞ?»

«የመምህራን ክፍሉን።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» ደስጣ ሳቀ። «አሥራ አራት ዓመቱ እኮ ነው። ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፣ ወረቀት እያወረድኩ።»

«በሩስ?»

«በሩማ ተዘግቶ ነበር። ሳቃቸው ግን እስከ ደረጃው ይሰማ ነበር። የአንተ ማመልከቻ የሚታይበት ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ታዲያ በማን ሊስቁ ነው?»

«ቃሉስ? ከጀርባው ነው የሚለው?»

ደስጣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ አሰበ። ከልቡ ነበር የሚያስበው፣ ክፋት አልነበረበትም። «እሱን እንጃ» አለ በመጨረሻ። «እሱ ይበለው እኔ ላጣፍጠው፣ አሁን ማን ያስታውሳል። ደግሞ ያኔ ሄደህ ቢሆን ወረቀት ማን ይገዛኝ ነበር?» በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ጠራዡ አለመሳቁን ሲያይ አቋረጠ። «ምነው፣ ወንድምህን አታውቀውም እንዴ? ባይለውም አስቦታል።»

ጠራዡ ቆሞ ቀረ። ቂሙ እዚያው ነበረ፣ አልጠፋም፤ ግን እንደተፈታ ጥራዝ ሆኖበት ከየት ጀምሮ እንደሚይዘው አጣው። ሙጫው ገና በደንብ አልደረቀምና መጽሐፎቹን ከብብቱ ሥር አጥብቆ ያዘ፤ አዲሷ ቅጠል እንዳትላቀቅ ጫን ማለት ነበረበት።

«አምጣ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ» አለ ደስጣ እጁን ዘርግቶ። «እሱም እዚያው ነው አሉ። ለወንድምህ የምትለው ካለ ንገረኝ፣ እኔ አደርስልሃለሁ።»

ጠራዡ መጽሐፎቹን እንደያዘ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄደው ታክሲ ጋ ተሻገረ።